ለክራኒዮሳክራል አሰልጣኛችን ምስጋና፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ የማሳጅ ባለሙያዎች ጥቆማ

ክራኒዮሳክራልን (ከእግር እስከ ራስ በጣም ቀላል በሆነ ንክኪ የሚሠራ የእጅ ዘዴ) በማሳጅ ሥራችሁ ላይ መጨመር ለምትፈልጉ፣ ደሴ ላይ የሚያሰለጥኑ ባለሙያ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እናገናኛለን። እግዜር ይስጥልን የምንልበትን ምክንያት ግን እዚሁ እንጻፈው።

ማሳጅ የለመደ እጅ ሲነካ ይጫናል። ክራኒዮሳክራል የሚሠራው በ5 ግራም ገደማ ንክኪ ነው፤ የአንድ ሻይ ማንኪያ ስኳር ክብደት ማለት ነው። እሳቸው ይህን በወሬ አያልፉትም። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን አምጥተው የተማሪውን ጣት ያስመዝናሉ። «ኧረ ነካሁ እንጂ አልተጫንኩም» የሚለው ሁሉ ቁጥሩን ሲያይ ዝም ይላል። ሚዛኑ 5 ላይ ሳይዋዥቅ 3 ደቂቃ ካልቆየ ሰው አያስነኩም።

ደንበኛው ልብሱን እንደለበሰ በጀርባው ይተኛል። ዘይት ስለሌለ ከማሳጅ በፊት ይሠራል፤ ዘይት የነካ እጅ ይንሸራተትና ለመያዝ ሲል ይቆነጥጣል። ከእግር ይጀመራል፣ ከዚያ ሳክረም (ከወገብ በታች ያለው ሦስት ማዕዘን አጥንት)፣ ሆድና ደረት፣ በመጨረሻ ራስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳክረም ላይ ነው። መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ከአጥንቱ ሥር ይገባል፣ ጣቶች ወደ ራስ ይዞራሉ፣ ክርን አልጋው ላይ ያርፋል። ክርን ከተንጠለጠለ ትከሻ ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ተማሪውም የራሱን መንቀጥቀጥ «ሪትሙ መጣ» ይላል፤ ሪትም የሚባለው ባለሙያው ከደንበኛው ሰውነት በእጁ ይሰማኛል የሚለው ምት ነው።

ማጅራት ላይ የጣቶች ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቆምና የራስ ቅል ከአንገት የሚገናኝበትን ሥር ይደግፋል። ራስ 5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ባለሙያው ቸኩሎ ከገፋ ደንበኛው አንገቱን ያደነድንበታል።

የእኛን አገር ሰው ማወቃቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሹሩባ ሳይፈታ ጣት በጉንጉኖቹ መሃል ይገባል። ሂጃብ ሳይወልቅ ይሠራል፤ መርፌ ቁልፉ ብቻ ይነሳል። ራሷን ቅቤ ለተቀባች ከሥር ፎጣ ይነጠፋል። በደሴ ብርድ እጅ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ደንበኛው ላይ ጋቢ ይደረባል፤ የቀዘቀዘ ጣት ጡንቻን ያስደነግጣል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ስለማይዋሹ ነው። ዘዴው ከኦስቲዮፓቱ (አጥንትና ጡንቻን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ዊሊያም ሰዘርላንድ ሐሳብ ተነስቶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጆን አፕሌጀር እጅ አሁን ያለውን መልክ ያዘ። በደቂቃ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይመታል የሚባለውን ሪትም ግን ሁለት ባለሙያዎች አንድ ሰው ላይ ሲለኩት ቁጥራቸው እንደማይገጥም ጥናቶች አሳይተዋል። እሳቸውም «ዕረፍት እንሰጣለን በሉ፤ ሚግሬን እናድናለን የሚል ባነር እንዳትሰቅሉ» ይላሉ። በቅርቡ ራሱን የተመታ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ ወይም የአንጎሉ የደም ሥር ያበጠ፣ ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት የያዘው ሰው ከመጣ አይነካም፤ እኛም፣ ወጌሻም ሳንሆን ሆስፒታል ነው የሚያየው።

ዋጋውን ከእሳቸው ጠይቁ። ስትሄዱ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ፣ አንሶላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ረጅም ጥፍር ይዞ የመጣ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ አይለማመድም።