የኋላ በር አልከፈት ሲል ምን ይገዛ? ስዊች፣ ሽቦ ወይስ ሙሉ መቆለፊያ

አንዴ ተከፍቶ አንዴ እምቢ የሚል የኋላ በር ከነአካቴው ከማይከፈተው የባሰ ኪስ ይጎዳል። ጭራሽ የማይከፈተውን መካኒኩ ይዞ ይመረምረዋል። ይኼኛው ግን ጋራዥ ሲደርስ እንደ ደህና መኪና ይከፈታል፣ ቤት ሲመለስ ያምፃል። ስለዚህ ዕቃው በግምት ይገዛል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውዱ፣ ከሙሉ መቆለፊያው ነው። ይህ ንጽጽር ሱማሌ ተራ ወርዶ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት የሚነበብ ነው።

በብዛት የምናያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከታርጋው በላይ በላስቲክ የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ስዊች ያለው የኋላ በር ነው። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ፕሪየስ በዚህ ይታወቃል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ተመሳሳይ ስዊች ያላቸው ሌሎች ቶዮታዎችም ሞልተዋል። ሁለተኛው በሾፌሩ ወንበር ሥር ካለ ማንሻ በካቦ የሚከፈት የኋላ ኮፈን ነው፤ የ2000ዎቹ ኮሮላ ዓይነት። ችግራቸውም መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ከመግዛት በፊት ማዳመጥ

ሬዲዮውን ያጥፉ፣ በሮቹ ሁሉ መከፈታቸውን ያረጋግጡ። ይህ እንደ ቀልድ ይመስላል፤ ግን በአንዳንድ መኪና ሪሞቱ አንዴ ሲጫን የሾፌሩን በር ብቻ ነው የሚከፍተው፣ የኋላው የሚለቀቀው በሁለተኛው ነው። በአንዳንድ ካምሪ ደግሞ ከፊት ባለው ዕቃ መያዣ ውስጥ የኋላ ኮፈኑን መክፈቻ የሚያጠፋ ስዊች አለ። መኪና አጣቢ ነክቶት ባለቤቱ መቆለፊያ ሊቀይር ሲል የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ስዊቹን ይጫኑና ያዳምጡ። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ያለው ስዊቹ፣ ሽቦው ወይም ፊውዙ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ የመቆለፊያው ትንሽ ሞተር ራሱ ይሞታል። «ቀጭ» ብሎ ካልለቀቀ ወደ መቆለፊያው ወይም ወደ በሩ አቀማመጥ ያመራል። «ቀጭ» ብሎ ለቅቆ በሩ ካልተነሳ መቆለፊያው ንጹሕ ነው፤ የደከመው አሞርዛተሩ (በሩን ወደ ላይ የሚገፋው የጋዝ ዘንግ) ወይም ሞላው ነው። ድምፅ በሌለበት ጊዜ በሪሞት ወይም ከውስጥ የሚከፈትበት ስዊች ካለ ይሞክሩ። በዚያ ከተከፈተ መቆለፊያውም ሞተሩም ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው የሚቀረው የውጭው ስዊችና ወደ እርሱ የሚሄደው ሽቦ ላይ ብቻ ነው።

ባትሪውንም በዚሁ ይለኩ። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ የመቆለፊያው ትንሽ ሞተር አቅም ያጣል፣ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መቆለፊያ ቢገጠምም ያው ነው።

ስዊቹ፦ ያገለገለ የማያዋጣበት ዕቃ

ላስቲኩ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ እንደ ሬንጅ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ገብቶ የውስጡን መገናኛ ያበላሸዋል። በዝናብ ማግስት አልከፈት ብሎ ፀሐይ ሲመታው የሚድን በር ምልክቱ ይህ ነው። ላስቲኩን በእስክሪብቶ ጫፍ ወግቶ የሚከፍት ሰው አለ፤ ለዛሬ ይሠራለታል፣ ግን ለውሃው በር ከፈተለት ማለት ነው።

ለማረጋገጥ የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ ሽፋን አውልቀው የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉ። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው የሶኬቱን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ለአፍታ ያገናኙ። መቆለፊያው ከተንቀሳቀሰ የሞተው ስዊቹ ነው። ከሁለት በላይ ሽቦ ካለው (ስማርት ቁልፍ ያላቸው መኪኖች ከጎኑ የመቆለፊያ ስዊች ይጨመርባቸዋል) በግምት አያገናኙ፤ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስዊቹን ራሱን ይለኩ። ሲጫን ወደ ዜሮ ኦም ሊጠጋ ይገባል። በተጫነ ቁጥር የተለያየ ንባብ የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ ዝጓል።

አሁን ወደ ምርጫው። ኦሪጅናሉ ከኮፒው የሚሻለው በሚጫነው ክፍል ሳይሆን በላስቲኩ ጠርዝ ነው። ኮፒው ሱቅ ውስጥ ሲጫን ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፣ ጠርዙ ግን ውሃ አይዘጋም። ኮፒ ከገዙ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ዳርና ዳሩን እየተጫኑ ይሞክሩ፤ ጥግ ላይ የማይሠራውን ይመልሱ። ከተፈታ መኪና የወጣ ስዊች አይግዙ። የእርስዎን ያበላሸው ዕድሜ ነው፣ ያም ያንኑ ዕድሜ የጠገበ ነው። ከነ ጌጡ፣ ከነ ታርጋ መብራቱ የሚሸጠው ሙሉ ፕላስቲክ የሚገዛው ፕላስቲኩ ከተሰበረ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ለስዊች ብለው የቀለም ልዩነት መግዛት ይሆናል።

ለአንዳንድ ሞዴል ላስቲኩ ለብቻው ይሸጣል። ከሥሩ ያለው ስዊች በቴስተር ደህና ከሆነ ይህ በቂ ነው፣ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። ሲያጣብቁት ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳቡን ይበላዋል። ሽታ የሌለውን፣ ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን ይጠይቁ።

ሽቦው፦ ብዙ ሰው የሚዘለው

የበሩ ሽቦዎች ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገሩት በመታጠፊያው አጠገብ ባለ የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያች ቦታ ይታጠፋሉ። መዳቡ ከውስጥ ክር በክር ይበጠሳል፣ የላዩ ፕላስቲክ ግን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ በዓይን ቢያዩት ሙሉ ሽቦ ነው። የአሮጌ መኪና በሽታ ብቻም አይደለም። ቴስላ በ2021 መጨረሻ ከ2017 እስከ 2020 የተሠሩ ከ356 ሺህ በላይ ሞዴል 3 መኪኖችን የጠራው የኋላ ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የኋላ ካሜራው ገመድ ስለሚጎዳ ነበር።

አብረው የሚታመሙትን ይመልከቱ። የታርጋ መብራት ይንቀጠቀጣል? የኋላ ዝናብ መጥረጊያ ሲነሳ ሦስተኛው የፍሬን መብራት ይደክማል? እንዲህ ከሆነ ስዊች መግዛት ብር መበተን ነው። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ከደከመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁሉም የሚጋሩት ኔጋቲቭ ሽቦ ነው፤ ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ሽቦ ነው።

ቁርጡን የሚያሳውቅ ሙከራ አለ። በሩን ክፍት አድርገው የመቆለፊያውን መንጠቆ በካቻቪቴ ገፍተው ይዝጉት፣ ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ስዊቹን ደጋግሞ ይጫን፣ ሌላው ቱቦውን ወደ ግራና ቀኝ ያጥፍ። ሲታጠፍ የሚለቅ፣ ሲስተካከል የሚጠፋ ከሆነ ምርመራው አልቋል። መንጠቆውን ሳያስለቅቁ ግን በሩን አይዝጉ፤ መንጠቆው የሚይዘው መያዣ ብረት ተጋጭቶ ይጣመማል፣ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ጥገናው ላይ ምርጫው ሦስት ነው። በጣም የተለመደው የተበጠሰውን እዚያው ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ይህ አይቆይም፤ የተቀጠለበት ቦታ ደድሮ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ከጎኑ ያለው መዳብ በተራው ይበጠሳል። ሁለተኛው ከሌላ መኪና የተቆረጠ ሽቦ ነው። እሱም ሲታጠፍ የኖረ ስለሆነ ከስዊቹ የተለየ ታሪክ የለውም።

የሚሻለው ሦስተኛው ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው የሚታጠፈውን ክፍል በሙሉ ያውጡና ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን አዲስ፣ ክሩ የደቀቀ ሲሊኮን ለበስ ሽቦ ይተኩት። መቀጠያዎቹ ከቱቦው ውጭ ይሁኑ፤ አንዱ ጫፍ በመኪናው አካል ውስጥ፣ ሌላው በበሩ ውስጥ። ሁሉንም እኩል ቦታ ላይ አይቀጥሉ፤ አንድ ላይ ካበጡ ሽፋኑ ሥር አይገቡም። በካውያ ከተበየዱ በኋላ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ ይልበሱ። ለስዊችና ለመብራት 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይበቃል። የኋላ መስታወት ማሞቂያው ግን ብዙ አምፔር የሚጎትት ስለሆነ ከነበረው ውፍረት የቀጠነ ሽቦ አይቀበልም። ሽቦውን አንድ ባንድ ቆርጠው አንድ ባንድ ይቀጥሉ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ የሚከፈለው ለእጅ ነው። ሠራተኛው «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ካለ የሚያስበው የመጀመሪያውን ዘዴ ነው። ለአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጥገና ሽቦ አለ፤ ከተገኘ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

መቆለፊያው፦ እዚህ ያገለገለ ያዋጣል

«ቀጭ» እያለ የማይለቅ ከሆነ አንድ ሰው በሩን በመዳፉ ወደ ታች ተጭኖ ይያዝ፣ ሌላው ስዊቹን ይጫን። በዚህ ከተከፈተ በሩ መንጠቆውን አጥብቆ ይዞታል ማለት ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን (የበሩ ዙሪያ ላስቲክ) ከተገጠመ ወይም መኪናው ከኋላ ተመትቶ ላሜራ ከተሠራ ይህ ያጋጥማል። መያዣው ብረት በሁለት ቡሎን ነው የሚታሰረው። የነበረበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ቡሎኖቹን ያላሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ገፍተው ይሠሩት። የሚገዛ ነገር የለም።

ተጭነውትም ካልተከፈተ የደረቀ ግሪስና አቧራ ያጥቡ። ደብልዩ ዲ 40 ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ አሮጌውን ቅባት ያጥባል እንጂ ቦታውን ተክቶ አይቆይም። ካጠቡ በኋላ ነጭ ሊቲየም ግሪስ ትንሽ ይቀቡ። ከዚያም ሌላ ሰው ስዊቹን ሲጫን የሞተሩ ሶኬት ላይ ቮልቱን ይለኩ። ከ11 በላይ እየደረሰው ካልጎተተ መቆለፊያው ሞቷል። 8 ወይም 9 ብቻ የሚደርሰው ከሆነ ወደ ሽቦው ይመለሱ።

ለመቀየር ሲወስኑ ከርካሽ ኮፒ ይልቅ ያገለገለ ኦሪጅናል እንመርጣለን። ኮፒው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ናት ቀድማ የምታልቀው፤ ያገለገለውን ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። መንጠቆውን ዘግተው በ12 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ብቻ ይንኩት፤ አሥር ጊዜ ሳያወላውል መልቀቅ አለበት። አሮጌውን ይዘው ይሂዱና የሶኬቱን እግር ብዛት ያስተያዩ፤ መልኩ አንድ ሆኖ ሶኬቱ የሚለያይ ብዙ ነው።

በካቦ የሚከፈት ኮፈን

ማንሻው ላልቶ ከቀረ ካቦው ወልቋል ወይም ተበጥሷል፤ ከጠነከረ ዝጓል። ኮፈኑ በቁልፍ እየተከፈተ በማንሻው እምቢ ካለ መቆለፊያውን አይንኩት። ከአሜሪካ ለመጣ ኮሮላ ተጨማሪ ዕድል አለ፤ ከ2001 ሴፕቴምበር ወዲህ ለዚያ ገበያ የተሠሩ ኮፈን ያላቸው አውቶሞቢሎች በውስጣቸው በጨለማ የሚያበራ መክፈቻ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። የኋላ ወንበሩን አጥፈው እሱን ሲስቡ ከተከፈተ ችግሩ ካቦው ላይ ነው።

ካቦ ሲገዙ መሪው በየት በኩል እንደሆነ ይናገሩ፣ ርዝመቱ ሊለያይ ይችላል። በካቦው ፋንታ በሪሞት የሚሠራ መሳቢያ ሞተር የሚያስገጥሙ አሉ። ያለ ሪሌ (ብዙ አምፔር በትንሽ ስዊች የሚያዝ ማብሪያ) እና ያለ ራሱ ፊውዝ የሚገጠም ከሆነ እንቢ ይበሉ። ከነሪሌውም ቢሆን ካቦውን አስነቅለው አይጣሉት፤ ባትሪ ባለቀ ቀን የሚከፍተው እሱ ነው።

የማይነሳ በር

አሞርዛተር በጥንድ ይቀየራል። አካሉ ላይ በኒውተን የተጻፈውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያመሳስሉ፤ የበለጠ ጉልበት ያለው የተሻለ አይደለም፣ መታጠፊያውን ይገፋል። በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች ያይ። አሮጌውን አይብሱት፣ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው። ኮፈኑ ላይ ክንፍ አስገጥመው ከዚያ ወዲህ አልነሳ ካለ ጥፋተኛው ክብደቱ ነው።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚከፈት የኋላ በር ያለው መኪና የሚገዛ፣ በተለይ ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሻገር ሰው፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ 12 ቮልት ካለቀ በሩ እምቢ ሊል እንደሚችል ይወቅ። በ2004–2009 ፕሪየስ ችግሩ ድርብ ነው፤ 12 ቮልቱ ባትሪ ራሱ ያለው ከዚያው በር በስተ ውስጥ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። መውጫው ሁለት ነው፦ በፊት ኮፈኑ ሥር ባለው የፊውዝ ሣጥን ውስጥ ካለው ፖዘቲቭ መነሻ ማስነሻ ሽቦ ማገናኘት፣ አለዚያም በውስጥ በኩል ወደ ኋላ ተሻግሮ በበሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን አንስቶ መቆለፊያውን በካቻቪቴ መግፋት። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ይህችን ክዳን ሻጩ ፊት ከፍተው ይሞክሯት።