ልባሽ ልብስ በኢንተርኔት፦ ኢቤይ፣ ቪንትድ ወይስ መርማሪ ያላቸው መሸጫዎች?

ኮቴን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይሄን ከየት አመጣሽው? እኔስ ከየትኛው ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ወዳጅ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። መልሱን አላስጠብቃችሁም፤ ልባሽ ልብስ ለመግዛት እኔ የማስቀድመው ኢቤይን ነው። ቪንትድ ይከተላል። የቅንጦት ዕቃ የሚሸጡትን፣ ዕቃው ፌክ አለመሆኑን የሚያይ መርማሪ ያላቸውን የኢንተርኔት መሸጫ መድረኮች የምጎበኘው ቦርሳ ሲያምረኝ ብቻ ነው።

እዚህ የደረስኩት ከስሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን ከማልጠራው መድረክ ላይ ረጅም የሱፍ ኮት ገዛሁ። አራት ፎቶ ነበረው፤ አራቱም ከፊት ለፊት የተነሱ። መግለጫው «እንደ አዲስ» ይላል። ደርሶኝ ስለብሰው ልክክ አለ፤ ደስ አለኝ። ማታ ላይ በመብራቱ ፊት ዘርግቼ ሳነሳው ግን ከኋላ፣ ከወገብ በታች፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የብርሃን ነጥቦች ታዩኝ። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ብል በልቶታል። እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ ደግሞ ገበሩ በሁለቱም ብብት በኩል ተተርትሯል።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ገበሩን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር የጠየቀኝ ገንዘብ ኮቱን ከገዛሁበት ይበልጣል። ቀዳዳዎቹን ሳይታወቅ ለመድፈን ደግሞ ከኮቱ ውስጠኛ ስፌት ክር እየመዘዙ በእጅ መልሶ መሸመን ያስፈልጋል፤ ዋጋው የሚቆረጠውም በቀዳዳ ነው። በዚያ ላይ ብል እንቁላሉን ይዞ ይመጣል። ሌሎቹን ሱፎቼን እንዳይጨርስብኝ ኮቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆየሁት። መመለስ እንዳልችል ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ ዋጋ ማለት ሻጩ የጻፈው ቁጥር አይደለም። የልብሱ ዋጋ፣ መድረኩ ከገዢ የሚወስደው ክፍያ፣ ማጓጓዣው፣ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ቀረጡ፣ ከዚያም የልብስ ሰፊው ወይም የጫማ ሰፊው ሒሳብ፤ ሁሉም ተደምሮ ነው ዋጋ የሚባለው። ይህን ሳልደምር ቁልፉን አልጫንም።

ኢቤይን የማስቀድመውም ለዚሁ ድምር ስለሚመች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ የኢንተርኔት ገበያ ነው፤ መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ ፍለጋው ግን የሚስተካከለው የለም። ትልቁ ጥቅሙ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳየው ማጣሪያ ነው። ሻጭ የፈለገውን መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ማጣሪያ ግን ባለፉት 90 ቀናት ገደማ ሰው በእውነት ከፍሎ የወሰደበትን ያሳያችኋል። አንድ ዓይነት ኮት ሦስት ሻጮች እጥፍ ሲጠሩበት፣ የተሸጡት ሁሉ በግማሹ እንደሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ቁጥር ይዤ ነው የምደራደረው። «ዋጋ አቅርብ» የሚል ምልክት ካለው፣ የተሸጡበትን መካከለኛ ዋጋ ወስጄ ማጓጓዣውን ቀንሼ አቀርባለሁ።

ጨረታ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መግባት ዋጋ ማስወደድ ብቻ ነው። የምችለውን የመጨረሻ ቁጥር በወረቀት እጽፋለሁ፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አንዴ አስገባለሁ፤ ካለፈኝ አለፈኝ። ከባድ ኮት የምፈልገው ሙቀት ሲገባ ነው፤ ተጫራች ያንሳል። የብራንዱን ስም በስህተት ፊደል መፈለግም ያዋጣል፤ ሻጩ ስሙን አሳስቶ የጻፈውን ልብስ ሌላ ፈላጊ አያገኘውም። ዕቃው ከመግለጫው ጋር ካልተስማማ ደግሞ በመድረኩ ዋስትና መሠረት ለማመልከት ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ። ያኔ 30 ቀን ቢኖረኝ ኮቱ ተመልሶ ነበር።

ቪንትድ እ.ኤ.አ. በ2008 ቪልኒየስ፣ ሊትዌኒያ የተጀመረ፣ ሰው ልባሽ ልብሱን ለሰው የሚሸጥበት መድረክ ነው። ከሻጭ ኮሚሽን አይቆርጥም፤ ለዚህም ነው ዋጋው የሚረክሰው። የሚከፍለው ገዢ ነው። በዩሮ በሚገበያዩ አገሮች የተለመደው ክፍያ 0.70 ዩሮና የዋጋው 5 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ አስሉት እስቲ። የ4 ዩሮ ሸሚዝ 0.90 ይጨመርበታል፤ ከዋጋው አንድ አምስተኛ በላይ ነው። የ60 ዩሮ ጃኬት ላይ 3.70 ይመጣል፤ 6 በመቶ ገደማ። ስለዚህ እዚያ ርካሽ ሸሚዝ አንድ በአንድ መግዛት ኪሳራ ነው። ከአንድ ሻጭ አራት አምስት ልብስ በአንድ ጥቅል ስትወስዱ ግን ያ 0.70 አንዴ ብቻ ይከፈላል፣ ማጓጓዣውም አንድ ይሆናል። የልጆች ልብስ እንዲህ ስትገዙ የሚወዳደረው የለም። ክፉ ጎኑ የቅሬታው ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ሥራ በዝቶባችሁ ጥቅሉን ሳትፈቱ ሁለቱ ቀን ካለፈ ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል።

ሌላው የልባሽ ልብስ መድረክ ፖሽማርክ ከ15 ዶላር በላይ ከተሸጠ ዕቃ 20 በመቶ ከሻጭ ይቆርጣል፤ ከዚያ በታች ለሆነው 2.95 ዶላር። ሻጩ ደግሞ ያን 20 በመቶ ከኪሱ አያወጣም፤ ዋጋው ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ እዚያ ተደራደሩ፤ የተጻፈውን አትክፈሉ። ዲፖፕ በሚባለው መድረክ ላይ ብዙው ሻጭ ከሌላ ቦታ በርካሽ ሰብስቦ፣ አሳምሮ ፎቶ አንስቶ የሚያወጣ ነጋዴ ነው፤ ያንኑ ልብስ ከምንጩ ማግኘት ለሚችል ሰው እኔ አልመክረውም።

እንግዲህ መርማሪ ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሪስ የተቋቋመው ቬስቴር ኮሌክቲቭና በ2011 የተጀመረው ዘ ሪልሪል የታወቁት ናቸው። የብራንድ ቦርሳ ከሆነ የመርማሪውን ገንዘብ አትሰስቱ፤ ፌኩ ዛሬ ከኦሪጅናሉ ጋር በፎቶ አይለይም። ቬስቴር ላይ ግን ከሻጭ በቀጥታ ይላክልኝ ካላችሁ ቦርሳው በመርማሪ እጅ ሳያልፍ እንደሚመጣ እወቁ፤ ርካሹን መላኪያ መርጠው ተመርምሯል ብለው የሚያምኑ ወዳጆች አሉኝ። ኢቤይም ለተወሰኑ ቦርሳዎች፣ ስኒከሮችና ሰዓቶች ምርመራ አለው፤ ምልክቱ ማስታወቂያው ላይ ይታያል። ለተራ ልብስ ግን ይህ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል? መርማሪው ኦሪጅናል መሆኑን እንጂ ገበሩ ስንት ወር እንደሚቆይ አይነግራችሁም። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ከተሸጠ የማይመለስ ነው፤ ያችን አንድ መስመር ሳታነቡ አትክፈሉ።

ፌክ ቦርሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዚፑ ላይ የታወቀው ዚፕ ሠሪ ስም ዋይኬኬ ስለተጻፈ ልብሱ ኦሪጅናል ነው የሚል ሻጭ አትመኑ፤ የዋይኬኬ ዚፕ ማንም ፋብሪካ ገዝቶ ይሰፋዋል፣ ዚፑ ራሱም በፌክ ይሠራል። ሊቫይስ ጂንስም እንዲሁ። በኋላ ኪሱ ላይ ባለችው ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ስሙ ሁሉም በትልልቅ ፊደል የተጻፈው እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ገደማ በተሠሩት ላይ ነው፤ ሻጮች ይህን ይዘው ዋጋ ይሰቅላሉ። ኩባንያው ግን የድሮውን ሞዴል እንደገና ሲሠራ ያንኑ ጽሑፍ ይጠቀማል። የውስጡን የአጠባበቅ መለያ አስልኩ፤ አሜሪካ ውስጥ በልብስ ላይ ይህን መለያ ማድረግ ግዴታ የሆነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ፣ «የ1960ዎቹ» የተባለ ሱሪ የማጠቢያ ምልክቶች የተደረደሩበት ጨርቅ ካለው ነገሩ አልገጠመም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጫማው ነው። «ሳይደረግ የቆየ፣ 15 ዓመቱ» የሚል ስኒከር አይታችሁ አትቸኩሉ። የብዙ ስኒከር መካከለኛ ሶል፣ ማለትም ከመርገጫው በላይ ያለው ለስላሳ ክፍል፣ ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ነገር ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ባይደረግም ከውስጥ ይፈርሳል። በካርቶን ውስጥ ሲታይ አዲስ ነው፤ ተደርጎ ጥቂት ሲራመዱበት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጫማ ሰፊ አያድነውም፤ ሶሉን መቀየር አዲስ ከመግዛት ይወደዳል። ቆዳ መሳይ ጃኬትና የአሮጌ ቦርሳ ውስጥም በዚሁ ምክንያት ይላጣል፣ ይጣበቃል። በክር የተሰፋ የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ግን ቢያረጅም ሶሉ ተነቅሎ ሌላ ይሰፋበታል፤ ለእሱ ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ። ከተጠገነ የሚድነውን ልዘርዝር፦ የወለቀ ቁልፍ፣ የተፈታ የጫፍ ስፌት፣ ላዩ ላይ ትንንሽ የክር እንክብል ያወጣ ሹራብ። የማይድነው፦ ታጥቦ የተኮማተረ ሱፍ፣ ላስቲኩ የሞተ ጂንስ፣ ብብት ላይ የነጣ ቀለም።

የቁጥር መለያን እርሱት። የድሮ ቁጥር ከዛሬው ጋር አይገናኝም፣ አንዱ ብራንድም ከሌላው ጋር። ልክ የሚሆናችሁን ልብስ አንጥፋችሁ ከብብት እስከ ብብት ለኩ፤ 52 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 104 ነው። ከዚያ ለሻጩ የምልከው መልእክት ሁልጊዜ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ልብሱን ልገዛው አስቤያለሁ። እባክዎ አንጥፈው ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ የእጅጌውን ርዝመት ይለኩልኝ። ብብቱን በውስጥ በኩል፣ የኮሌታውን ውስጥና የአጠባበቅ መለያውን ፎቶ ያንሱልኝ። በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርግተው አንድ ፎቶ ቢጨምሩልኝ በጣም አመሰግናለሁ። የሲጋራ ወይም የናፍታሊን ሽታ አለው?»

ዕቃው ደህና የሆነ ሻጭ በአንድ ቀን ውስጥ ይልክላችኋል። «ፎቶው ላይ ያለው ነው» ብሎ የሚመልሰውን ትቼው አልፋለሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ። ጥቅሉ ሲደርስም ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ነው የምፈታው። መጀመሪያ አድራሻው ይታያል፣ ቀጥሎ ልብሱ ከላስቲኩ ሲወጣ፣ ከዚያ ዚፑን ሁለት ሦስቴ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ብብቱን ገልብጬ አሸታለሁ፤ በመጨረሻም ወደ መብራቱ አነሳዋለሁ።