«በማሽን ይታጠባል» የተባልኩት የሳሎን ምንጣፍ

ለሳሎናችሁ የሚታጠብ ምንጣፍ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እቺን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ 11,500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ነገሩ የጀመረው ፋሲካ ሰሞን ነው። የእኛ ሳሎን እረፍት የለውም። ሦስት ልጆች አሉ፣ አማቴም አብረውን ይኖራሉ፣ ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል። የድሮው ምንጣፍ የሽሮ፣ የስክሪፕቶና የለስላሳ ካርታ ሆኖ ነበር። አንድ ማታ ታዲያ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ አየሁ። ሰውየው ክሬም መልክ ያለው ምንጣፍ ላይ አንድ ሲኒ ቡና ገለበጠ። በጨርቅ ጠረገው፣ ጠፋ። ቀጥሎ ምንጣፉን ጠቅልሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው አዲስ ነው። ከስሩ «ኦርጅናል የቱርክ፣ በማሽን የሚታጠብ፣ 2 በ3» ይላል።

ያኔ ያላየሁትን አሁን ልንገራችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ምንጣፍ በር ላይ የምትነጠፍ እግር መጥረጊያ ናት የምታክለው። ዲዛይኑ አንድ ነው፣ መጠኑ ግን ሌላ። እኔ የገዛሁት 6 ካሬ ነው። እዚያ የታጠበችው ግማሽ ካሬ ብትሞላ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ሞኟ እኔ ነኝ።

ደወልኩ። «እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው» አለኝ። ጨፈንኩ። ብሩን በስልክ ላክሁ፣ ምንጣፉ በዚያው ቀን ቤቴ ደረሰ። ያመጣውን ልጅ ደረሰኝ ስጠኝ ብለው «ይሄ ዋጋ ያለ ደረሰኝ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት አምሮብን ከረመ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ከየት ነው ይላል። እኔም ኮርቼ ለሁለት ጎረቤቶቼ የሻጩን ቁጥር ሰጠሁ። (አንዷ ገዝታለች። እስካሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ማየት ያሳፍረኛል።)

ከዚያ ትንሹ ልጄ አንድ ሳህን ምስር ወጥ ደፋበት። ዘይትና በርበሬ ናቸው እንግዲህ፣ በጨርቅ የሚጠረጉ አይደሉም።

ማሽናችን ባለ 7 ኪሎ ነው። 7 ኪሎ ሲባል የደረቅ ልብስ ክብደት መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንልም። ምንጣፉን በኋላ ተሸክሜው ሚዛን ላይ ወጣሁና የራሴን ኪሎ ቀነስኩ። ደረቁን 9 ኪሎ ተኩል ነው። ውሃ ሲጠጣ አስቡት። ያን ቀን ግን ይህን ማን አስቦት! እኔና ባለቤቴ በጉልበት ጠቅጥቀን አስገባነው። መጭመቅ ሲጀምር ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ እየዘለለ ወደ በሩ መጣ። ሮጠን አጠፋነው። ውሃ የጠገበ ምንጣፍ ከማሽን ማውጣት ደግሞ ሌላ ትግል ነው። ሁለታችንም ወገባችንን ይዘን ቀረን።

አራት ቀን በረንዳ ላይ ተሰጣ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ውሃው ከታች ያሉት እትዬ ያጠቡት ነጠላ ላይ ሲንጠባጠብ ዋለና ሌላ ጸብ ተጨመረልን። ሲደርቅ ደግሞ ጠርዙ ተጠቅልሏል። መሀሉ እዚህም እዚያም አብጧል። ቀዩ ሐረግ ወደ ክሬሙ ፈሷል። ከጀርባው ነጭ ዱቄት ይራገፋል። ያ ዱቄት የማሽኑን ማጣሪያ ደፍኖት ለጠጋኙ 1,800 ብር ከፈልኩ። የሻጋታውን ሽታ ተዉት፣ አላነሳውም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የነገረኝ ለዓመታት ምንጣፍ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ጥጉን በጣቱ ከፈት አድርጎ አሳየኝ። የእኔ ዓይነቱ ወፍራም ምንጣፍ ጸጉሩ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይተከላል፣ ከጀርባ ሙጫ ይቀባል፣ ሙጫው ላይ ሌላ ጨርቅ ይለጠፋል። ላዩን በአረፋ ቢታሽ ችግር የለውም። ተነክሮ ሲሽከረከር ግን ሙጫው ይለቃል። ያበጠው እሱ ነው፣ ዱቄቱም እሱ ነው። ለማሽን ተብሎ የሚሠራው ቀጭን ነው፣ ጸጉሩ አጭር፣ እንደ ብርድ ልብስ የሚታጠፍ። ሁለት ክፍል ያለውም አለ፤ ላዩ ተላቆ ይታጠባል፣ ወፍራሙ ስር መሬት ላይ ይቀራል።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። መርካቶ ሌላ ጉዳይ ሄጄ ያንኑ ምንጣፍ አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አገኘሁት። ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ መለያ ተሰፍቶበታል። የውሃ ሳፋ ተስሏል፣ ሳፋው ላይ የኤክስ ምልክት አለ። በውሃ አይታጠብም ማለት ነው። ቤት ገብቼ የእኔን ገለበጥኩት። መለያው በመቀስ ተቆርጧል። የቀረው ክሩና ትንሽ ቁራጭ ነው።

ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት።
«እህቴ፣ በሙቅ ውሃ አጥበሽው ነው።»
በቀዝቃዛ ነው ያጠብኩት።
«እንግዲያው ማሽንሽ ነው።»
መለያው ለምን ተቆረጠ?
«ደረሰኝ አለሽ?»
ከዚያ ብሎክ አደረገኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ይሰጠዋል። ግን ከማን እንደገዛሁ በምን ላሳይ? የሱቁን አድራሻ እንኳን አላውቅም። ስለዚህ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሻል» ሲሏችሁ የሚቀነሰው ብሩ ብቻ አይደለም።

እና ስትገዙ መጀመሪያ ጥጉን ገልብጡና መለያውን ፈልጉ። ተቆርጦ ካገኛችሁት ጥያቄ አታብዙ፣ ውጡ። ካለ ሳፋውን እዩ። እጅ የተሳለበት ሳፋ በእጅ ብቻ ይታጠብ ማለት ነው። ከዚያ ነጭ ሶፍት ወይም መሀረብ አርጥባችሁ ደማቁን ቀለም ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ያኔ ቀለም ከወጣ፣ ሲታጠብም ይለቃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቪስኮስ የሚባለው ክር ውሃ ሲነካው ይደክማል፣ ሲደርቅም ብጫ ያወጣል። ልጆች ላሉበት ቤት አይሆንም።

ጀርባውም ይታይ። ጎማ ጀርባ ሴራሚክ ላይ እንዳይንሸራተት ጥሩ ነው፣ ግን ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ዕድሜ የለውም። በሙቅ አየር ማድረቅም ይጎዳዋል።

ቡና ለምናፈላ ቤቶች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው የሚታጠብ ምንጣፍ ፖሊስተር ነው። ፍም ሲወድቅበት ይቀልጣል፣ ቀልጦም ጠቁሮ ይደርቃል። ያን ማንም አያጥበውም። ረከቦቱንና ከሰሉን ከምንጣፉ ውጪ፣ ሴራሚኩ ላይ አድርጉ። እርጥብ ቄጠማም ሲያድርበት አረንጓዴ ቀለም ይተዋል። አማቴ ይሄን ስነግራቸው «ለምንጣፍ ብለን ቄጠማ ልንተው?» አሉ። ተስማማን፤ ቄጠማው ሴራሚኩ ላይ ብቻ ይጎዘጎዛል።

አሁን አንድ ትልቅ መግዛቱን ትቼ ሁለት ትንንሾች ገዝቻለሁ፣ 120 በ170 የሆኑ። ቀጭን ናቸው፣ እያንዳንዱ 3 ኪሎ አይሞላም። አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይቆያል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሶፋው እግር ስለማይረግጣቸው ስቦ ለማንሳትም ሰው አልጠራም። መልካቸው እንደዚያኛው አያምርም፣ እውነቱን ለመናገር። ቡናማና ግራጫ ዝንጉርጉር ናቸው። ሽሮ ቢፈስባቸው ግን አይታይም።

ያኛው ምንጣፍ የግቢው ጥበቃ ቤት ውስጥ ተነጥፏል። ትናንት ጎረቤቴ፣ ያቺ የገዛችው፣ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። ቻናሉ ያንኑ ቪዲዮ እንደገና ለጥፎታል። ያቺው ትንሽ ምንጣፍ፣ ያው ሲኒ። «ሰማያዊውም ገብቷል» ይላል፣ ዋጋው 1,000 ብር ጨምሯል።