ሕግ ለመማር፦ ድሬዳዋ፣ ሐረማያ ወይስ የግል ኮሌጅ?

ድሬ ተቀምጦ ሕግ መማር ለሚፈልግ ቅርብ ያሉት ሁለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ድሬዳዋና ሐረማያ። ሦስተኛው መንገድ የግል ኮሌጅ ነው። በመደበኛው የሚገባ ተማሪ በምደባ ስለሚሄድ ምርጫው ጠባብ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ሥራ እየሠሩ፣ ከኪሳቸው ከፍለው ለሚማሩ ነው።

ከግሉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው እዚያ ነው። ድሮ የግል ኮሌጆች ሕግ ያስተምሩ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ግን መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርትን ከለከላቸው። ስለዚህ «ነባር ነን» የሚል ማስታወቂያ አያሳምናችሁ። ኮሌጁ ነባር ቢሆንም የሕግ ፕሮግራሙ ላይሆን ይችላል። እውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። የአዲስ አበባው ካምፓስ እውቅና ስላለው የድሬው አለው ማለት አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ክልከላው ዛሬም ይሠራ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙም እውቅና እንዳለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የመውጫ ፈተናም አለ። የሕግ ተማሪዎች ከሌላው ቀድመው የጀመሩት ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትም የግልም ተማሪ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። በዚያ ዓመት የግል ተቋማት ውጤት ከመንግሥቶቹ በጣም ያነሰ ነበር። ለዓመታት ከፍሎ ያለ ዲግሪ መቅረት ያማል። ሬጅስትራሩን «ባለፈው ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» በሉት። ቁጥሩን ከሸሸ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች የምለያቸው በአካባቢያቸው ባለው ፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ችሎት ላይ ግን በእንግሊዝኛ ክስ የሚጽፍ የለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ይህን በእንግሊዝኛ የሸመደደ ተመራቂ በአማርኛ አንድ ገጽ ክስ ጻፍ ሲባል ብዕሩ ይያዛል።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል ችሎቶች ከተማው ውስጥ አሉ፤ ሥራቸውም በአማርኛ ነው። ከሥራ ፈቃድ ባገኛችሁ ቀን ገብታችሁ ክርክር መስማት ትችላላችሁ። ሐረማያ ደግሞ ዙሪያው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ እዚያ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። ሐረር ከተማም አፋን ኦሮሞ ከሐረሪ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይታወቃል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ እውነተኛ ባለጉዳይ ፊት ለፊት ተቀምጦ የመሬቱን፣ የቀለቡን ጣጣ ይነግራችኋል።

አፋን ኦሮሞ የምትችሉና ጊዜ ያላችሁ ሐረማያን ምረጡ። ድሬ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ግን ከሥራ በኋላ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ለክፍል መውጣት ለዓመታት አይገፋም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ምዝገባ ሲከፍት እዚያ ግቡ። የግሉን የማስበው እውቅናውንም የፈተና ውጤቱንም በወረቀት ካሳያችሁ ብቻ ነው።