«ናፍጣ ቆጣቢ» የተባለላችሁን ላንድክሩዘር ኮፈኑን ሳታስከፍቱ አትግዙ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ አንኮበር ወይም ዓለም ከተማ ላይ ሆናችሁ ለገጠር መንገድ የሚሆን መኪና የምትፈልጉ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

በደላሎች በኩል ደጋግሞ ወደ ገበያ የሚመጣ አንድ ዓይነት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለ። ሲያዩት ያምራል። ቀለሙ ታድሷል፣ የወንበሩ ልብስ ተቀይሯል፣ የጎማው ጥርስ ገና አልተነካም። ዋጋው ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ከሆነው ከዋናው ሃርድቶፕ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ገዢን ለማጓጓት የሚበቃውን ያህል ብቻ። ሻጩ ሳይጠየቅ «ሞተሩ አነስ ያለ ባለ 3.0 ነው፤ ናፍጣ አይበላም፤ አካሉ ግን ያው ላንድክሩዘር ነው» ይላል። ይህን ሲል ግልጽ ሰው ይመስላል። የማይነግራችሁ ያ ባለ 3.0 ሞተር ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው መሆኑን፣ ከሂሉክስ ወይም ከሚኒባስ ወርዶ እዚያ መገጠሙን፣ ዋናው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ወጥቶ ለብቻው መሸጡን ነው።

እኔ የምተዳደረው በተሽከርካሪ ጥገና ነው። እንዲህ ያለ መኪና እየጎተቱ ወደ ጋራዥ የሚመጡት ሰዎች ገንዘብ የተረፋቸው አይደሉም። እቁብ ወጥቶላቸው፣ በግና ገብስ ሸጠው፣ ከወንድም ከእህት ተበድረው «ለፕሮጀክት አከራይተን እንኖራለን» ያሉ ናቸው። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ስለ ሞተር መጠን ሲወራ ብዙ ሰው ሊትሩን ብቻ ይይዛል። «ትልቅ ሞተር ጉልበት አለው፣ ትንሽ ሞተር ይቆጥባል» የሚለው ነገር ሜዳ ላይ፣ ቆላ ላይ፣ በአስፋልት ላይ በመጠኑ እውነት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ግን ከሊትሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሞተሩ አየሩን የሚያገኘው እንዴት ነው? ናፍጣ የሚነደው በአየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ስትደርሱ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው ጓሳ ላይ ዳገት ሲወጣ እንደሚያለከልከው ማለት ነው።

አሁን ሂሳቡን ሥሩት። የላንድክሩዘሩ ዋና ሞተር፣ መካኒኮች ዋን ኤች ዜድ የምንለው፣ 4,164 ሲሲ ሲሆን በዝቅተኛ ቦታ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው። እሱም ቱርቦ የለውም፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ከ100 በታች ይወርዳል። ያም ሆኖ መኪናው የተሠራው ለዚያ ሞተር ስለሆነ፣ ሞተሩም ገና በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ስለሆነ፣ ቀስ እያለም ቢሆን ይወጣል። በምትኩ የሚገጠመው ፋይቭ ኤል የተባለው ባለ 3.0 ሞተር ግን ገና ከመነሻው 100 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ከዚያ ላይ ሩቡን ቀንሱ። ባዶውን ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሰውና ጭነት ተጨምሮበት በ70 የፈረስ ጉልበት ገደማ የጣርማበርን ዳገት እንዲወጣ ትጠይቁታላችሁ። ለሂሉክስ ጥሩ ሞተር ነው፤ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ለዚህ አካልና ለዚህ አገር ግን አልተሠራም።

«ናፍጣ ይቆጥባል» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ጉልበት ስለሚያጥረው ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ፖምፓው ናፍጣውን ይልካል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሳይነድ የቀረ የእናንተ ናፍጣ ነው። ሜዳው ላይ የቆጠባችሁትን ዳገቱ ላይ ታስረክባላችሁ።

ባለፈው ክረምት የመጣውን መኪና ልንገራችሁ። ባለቤቱ የመንዝ ልጅ ነው፤ ስሙ ይቅር። ሰው አሳፍሮ ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ሲመለስ፣ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የጣርማበር ዋሻ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መውጣት ማለት ነው፣ ደብረ ሲናን እንዳለፈ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ። ውሃ ጨምሮ ቀጠለ፤ እንደገና ፈላ። እንደገና ጨመረ። ጋራዥ ሲደርስ የዘይት መለኪያውን መዘዝን፤ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ነጥቷል። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ስናወርድ ጋስኬቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ራሱ ደግሞ በቫልቮቹ መካከል ተሰንጥቋል። ራዲያተሩን ሲያይ አንድ ባልደረባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሚኒባስ የወጣ ትንሽ ራዲያተር ነበር፣ በሽቦ የታሰረ። ልብ በሉ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው የራዲያተር ክዳን ግፊት መያዙ እዚህ አገር ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልገው። የዚያ ልጅ መኪና ክዳን ላስቲኩ አልቆ ነበር። ልጁ ከመኪናው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ሻጩ እኮ ቤተሰብ ነን ብሎኝ ነበር» ሲል የሰማሁት ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ታዲያ ትልቁን ግዙ እያልኩ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር ሌላ ነገር ነው። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚነጥቀውን አብዛኛውን ይመልሳል። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ዲ-ፎር-ዲ የተባለው ባለ 3.0 ባለ ቱርቦ ሞተር፣ 2,982 ሲሲ፣ ከ160 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጣርማበር ላይ ቱርቦ የሌለውን 4.2 ጥሎት ይሄዳል። ቶዮታ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ለሰባዎቹ ተከታታይ ላንድክሩዘር ባለ 2.8 ቱርቦ ሞተር አቅርቧል፤ የመጎተት ኃይሉ 500 ኒውተን ሜትር ነው፣ የድሮው 4.2 ግን 285 ብቻ ነው። ሊትሩ አንሶ ኃይሉ ሊበልጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ደላላ «ትንሽ ሞተር» ሲላችሁ ወዲያው «ቱርቦ አለው? ከፋብሪካ የመጣ ነው?» በሉት። ሁለቱንም ጠይቁ። ቱርቦ ባልነበረው አሮጌ ሞተር ላይ በኋላ ቱርቦ የተገጠመለትም ገጥሞኛል፤ ፒስተኑም ማቀዝቀዣውም ለዚያ ግፊት ስላልታሰበ ዕድሜው ያጥራል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ዲ-ፎር-ዲው ግን የራሱ ችግር አለው፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ናፍጣውን በጣም ከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ ቆሻሻና ውሃ አይችልም። ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ወይም በበርሜል ከየቦታው የምትቀዱ ከሆነ ኢንጀክተሩን ትጎዱታላችሁ፤ የአራቱ ኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሲበላሽ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ዋን ኤች ዜዱ በአንጻሩ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ያለ መካኒክ በቁልፍና በመዶሻ ያስነሳዋል። ከመንገድ ርቃችሁ የምትሠሩ፣ ሌሊት ጓሳ ላይ ብትቆሙ የሚደርስላችሁ የሌለ፣ ናፍጣ ከየትም የምትቀዱ ከሆነ 4.2ቱን ምረጡ፤ ይዘገያል ግን ያደርሳችኋል። ታይሚንግ ቺንጊያውን ብቻ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሳትረሱ ቀይሩ፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ያጣምማል።

ሥራችሁ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ከሆነና ወደ ገጠር የምትወጡት አልፎ አልፎ ከሆነ 4.2 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እነዋሪና ጅሁር አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በክረምት መረሬው አፈር ጎማ ላይ ሲጣበቅ መኪናውን የሚያወጣው ፍጥነት ሳይሆን በዝቅተኛ ዙር የሚመጣ ጉልበት ነው። ቱርቦ የሌለው ባለ 3.0 እዚያ ላይ ዙሩ ሲወርድ ይጠፋል፤ ሹፌሩ እንዳይጠፋ ዙር ሲጨምር ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናው ይሰምጣል፣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱም ያው ነው፤ ትልቁ ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ መኪናውን ይይዝላችኋል፣ ትንሹ ግን ስለሚለቅቅ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም።

ደላሎች «ግብሩም ይቀንሳል» ይላሉ። በኤክሳይስ ታክስ ረገድ ይህ ሐሰት ነው። ኤክሳይስ ታክስ የሚከፈለው መኪናው አገር ውስጥ ሲገባ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከ1,800 ሲሲ በላይ ያሉትን አዲስ የሰው ማጓጓዣ መኪናዎች በአንድ መደብ ነው ያስቀመጣቸው። 3.0 ሆነ 4.2 ልዩነት የለውም። ዋጋው የተወደደበት ምክንያት ሌላ ነው፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለው ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል፤ ሞተርና አካል እየነጣጠሉ መሸጥም አዋጪ ሆኗል።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ኮፈኑን አስከፍቱና ከፖምፓው ተነስተው ወደ ቴስታታው የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ቁጠሩ። ስድስት ከሆኑ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ አራት ከሆኑ ግን ባለ 4.2 ሆኖ የመጣው ሃርድቶፕ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ቀጥሎ በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ባለ ስድስቱ ሞተር ረጅም ስለሆነ ቦታውን ይሞላዋል፤ አጭሩ ሞተር ሲገባ ግን ከፊቱ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ማራገቢያውም ከራዲያተሩ ይርቃል። ከታች ገብታችሁ የሞተሩን መቀመጫ ተመልከቱ፤ በብየዳ የተቀጠለ ብረት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ስፌት ካያችሁ በቂ ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በብረት መፋቂያ የተፋቀ ቁጥር ካያችሁ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሂዱ። ለውጡ ሊብሬ ላይ ሳይሰፍር የተቀየረ ሞተር ስም ስታዛውሩም፣ ዓመታዊ ምርመራ ስታስደርጉም ችግሩ የእናንተ ይሆናል፤ ሻጩ በዚያን ጊዜ ስልክ አያነሳም።

መኪናውን ከተማ ውስጥ አዙራችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ሰው ሞልታችሁ ከደብረ ሲና ወደ ዋሻው አስወጡት። ሻጩ «ለሙከራ ያን ያህል ርቆ አይሄድም» ካለ የምትፈልጉትን መልስ ሰጥቷችኋል።

ከተስማማችሁም ውሉ ላይ «ላንድክሩዘር» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ። የሞተሩ ዓይነት፣ ሲሲው፣ የሲሊንደሩ ብዛት፣ ቱርቦ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ ከዚህ የተለየ ሆኖ ቢገኝ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ይስፈር፤ ሻጩም ምስክሮቹም ይፈርሙበት። ቀብድ ከፍላችሁ ገና ያልተረከባችሁ ካላችሁ ነገ ሳትሉ ዛሬ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና ቱቦዎቹን ቁጠሩ።