ከወጥ ቤቱ ይልቅ ጓሮው ያስተማረኝ ሥልጠና

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ማሰልጠኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተሰጠውን የማታ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና አጠናቅቄአለሁ። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አልፈልግም። የተመዘገብኩት በሙያው ተቀጥሬ ለመሥራት አስቤ ስለሆነ፣ የምመዝነውም በዚሁ ዓይን ነው።

ይህን ሥልጠና ከሌሎቹ የሚለየው ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ያለው ባለ ሰባት መደብ ጓሮ ነው። ሁለቱ መደቦች በአንድ ቀን የተተከለ በሶብላ ነበረባቸው፤ አሰልጣኛችን የአንደኛውን ጫፍ ሊያብብ ሲል በየሳምንቱ በጣታችን እንድንቀነጥበው፣ ሁለተኛውን ግን እንዳንነካው አዘዙን። የተቀነጠበው ወደ ጎን እየዘረጋ ለስላሳ ቅጠል ሲሰጠን ለፓስታ ሰልሳ አዋልነው፤ ያልተነካው ደግሞ አብቦ ዘር ከቋጠረ በኋላ ከነዛላው ተቆርጦ፣ በጥላ ደርቆ ከበርበሬውና ከሽሮው ቅመም ጋር ተወቀጠ። እናቶቻችን አበባውን የሚጠብቁት፣ የጣሊያን ወጥ ቤት ደግሞ አበባውን የሚሸሸው ለምን እንደሆነ የገባኝ ሁለቱን መደቦች ጎን ለጎን ሳይ ነው። (ከጥሬ የበሶብላ ቅጠል ለሚፈጨው የጣሊያኖቹ ማጣፈጫ ለፔስቶ ግን የእኛው በሶብላ ጠረኑ ስለሚከብድ የጣሊያኗ ከተማ የጄኖዋ ዝርያ ይሻላል ባይ ነኝ።)

ቅቤ የማንጠር ትምህርቱም እንዲሁ በንጽጽር የተሰጠ ነበር። ከጓሮው የተቆረጠውን ኮሰረት ካደረቅን በኋላ፣ ከኮረሪማ፣ ከአብሽና ከእርድ ጋር በሁለት ድስት ለጋ ቅቤ ውስጥ ጨመርነው፤ አንደኛው አረፋው ሰክኖ ዝቃጩ ወደ ታች እስኪወርድ በለሰለሰ እሳት ቆየ፣ ሁለተኛው ግን በኃይለኛ እሳት ተቻኮለ። የሁለተኛው ዝቃጭ አርሮ ቅቤውን ስላጠቆረው፣ ክትፎ ላይ ሲፈስ የኮሰረቱ መዓዛ ጠፍቶ ምሬቱ ብቻ ቀረ። ለአጥንት መረቅ ከፐርሰሜሎ ጋር አስረን የከተትነው የደጋ ጦስኝም ከውጭ ከሚመጣው የታሸገ ዓይነት ይበልጥ ኃይለኛ በመሆኑ መጠኑን መቀነስ ነበረብን።

የጓሮው አያያዝ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያስመሰግን አይደለም። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝሜሪ የሜዲትራኒያን ተክል እንደመሆኑ ውሃ የማይቋጥር አፈር ሲፈልግ፣ እዚያ ግን ጠዋትና ማታ ውሃ ስለሚጠጣ የአንዱ መደብ ሥር በስብሶ ደረቀ። የባሰው የጤና አዳሙ ነገር ነው። የዚህ ተክል ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል እንደሚችል ማንም ስላልነገረን፣ ቅዳሜ ቀን በባዶ እጃችን ስንቆርጥ ከዋልን በኋላ የአንዲት ጓደኛችን ክንድ ውሃ ቋጥሮ ለሳምንት ያህል አሠቃያት። ጓንት መስጠት ስንት ያስወጣል?

ወደ ወጥ ቤቱ ስንገባ ደግሞ አሥራ ስምንት ሰልጣኞች አራት ምድጃ እንጋራ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። የቢላዋ አያያዝና የአትክልት አከታተፍ በሚገባ ተሰጥቷል፤ አሰልጣኛችን ሥጋው ቀድሞ ተጠብሶ የጥብስ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ እንዲገባ፣ ካልሆነ ግን አርሮ እንደሚመር ደጋግመው የሚያሳስቡ ትጉህ ባለሙያ ናቸው። የአንድን ሳህን ምግብ ወጪ አስልቶ ዋጋ የማውጣት ትምህርት ግን ጨርሶ አልነበረም፤ ሆቴል ለሚቀጠር ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ድርጅቱ ሲያስመርቅ የሚሰጠው ወረቀት የራሱ ምስክር ወረቀት እንጂ የመንግሥት የብቃት ምዘና ማረጋገጫ አይደለም፤ ሲኦሲ (COC) የሚባለውን ይህን የመንግሥት ማረጋገጫ ለማግኘት ለብቻ ተመዝግቦ መፈተን ያስፈልጋል። ይህንን ያወቅሁት ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ሌሎች ከመክፈላቸው በፊት ቢጠይቁ ይሻላል። ያም ሆኖ ለመግባት የወሰነ ሰው የመስከረሙን ዙር ቢጠብቅ እመክራለሁ፤ ከእኛ በፊት በሰኔ የገቡት በሶብላውን በረዶ መትቶባቸው፣ የጓሮውን ትምህርት አብዛኛውን ከገበያ በተገዛ ደረቅ ዛላ እንደተማሩ ነግረውናል።