8 ጫማ ጊሚ? ኧረ በሕግ አምላክ!

ጃንዋሪ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ የጎልፍ ሜዳው ወይ በረዶ ነው ወይ ጭቃ። ስለዚህ በሰመር ቅዳሜ ጠዋት ከሜዳ የማንጠፋው እኛ አራታችን ዘንድሮ አንድ የጎልፍ ሲሙሌተር ቤት መሄድ ጀመርን። እስካሁን አራት ጊዜ ሄደናል። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር ሌላም ቦታ ሳይኖር አይቀርምና አንዱን ነጥሎ መውቀስ ደስ አይለኝም።

መጀመሪያ ደግ ደጉን ላውራ። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ነው፣ ውስጡ ግን ይሞቃል፣ ንጹሕ ነው፣ ስድስት ክፍል አለው። ኳሷን ግድግዳውን ወደሸፈነው ሸራ ትመታለህ፣ ካሜራው ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን ይለቅማል፣ የቀረውን በረራ ሸራው ላይ ታያለህ። ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ክርን አያሳምምም፤ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። በሰዓት 50 ዶላር ነው፣ ለአራት ስትካፈሉት 12 ከ50። ቡናው ግን ይቅርባችሁ። ጋሼ (ከመሃላችን ትልቁ ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ) ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የራሳቸውን በቴርሞስ ይዘው ይመጣሉ። እስካሁን የተናገራቸው የለም።

የተጣላሁት ከጊሚው ጋር ነው።

ጎልፍ ለማትጫወቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳስህ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ፣ ብትመታት እንደምትገባ ሁሉም ሲያውቅ ተጋጣሚህ «አንሳት» ይልሃል። አንድ ምት ትጨምራለህ፣ እንደገባች ይቆጠራል፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ጊሚ ማለት ይሄ ነው፣ በቃ። እስከ ስንት ርቀት ድረስ እንደሚሰጥ የተጻፈ ነገር የለም፤ የሰጪው ፈቃድ ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ብዙ ሰው ፓተሩን (ኳሷን ወደ ቀዳዳው የሚገፋበትን ዱላ) ከቀዳዳው ጀምሮ መሬት ላይ ያጋድምና ኳሷ ከእጀታው በታች ከሆነች ትነሳ ይላል። ይሄ ሁለት ጫማ ቢሆን ነው።

እዚህ ቤት በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ አንዱ ጓደኛችን ሁለተኛ ምቱን ግሪኑ ላይ፣ ማለት ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ አሳረፋት። ሰባት ጫማ ቀረችው። ፓተሩን ሊያነሳ ዞር ሲል ማሽኑ «ቲንግ» አለና ነጥቡን ጻፈለት። በርዲ፣ ማለት ለቀዳዳው ከተመደበው ምት በአንድ ያነሰ! ከሁለት ሜትር በላይ የምትርቅ ኳስ! ማን ሰጠው? እኔ አልሰጠሁትም። ጋሼም አልሰጡትም። ልጁ ራሱ ፓተሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፣ ደስ ይበለው ይፈር ግራ ገብቶት።

መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ ስንጠይቀው ማሽኑ ከ8 ጫማ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንዲሰጥ ተደርጎ መስተካከሉን ነገረን። ሰው በተከራየው ሰዓት 18ቱን ቀዳዳ እንዲጨርስ ብለው ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን 8 ጫማ እኮ ነው! የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ትልቁ የጎልፍ ውድድር) ባለሙያዎች ራሳቸው ከዚያ ርቀት ከሚመቷቸው የሚገባላቸው ግማሽ ያህሉ ነው። ከ3 ጫማ ከሆነ አዎ፣ እነሱ ከመቶ አንዷን ቢስቱ ነው። እኔ ከ8 ጫማ ስንት እንደማስገባ ባታውቁ ይሻላል።

ማሽን ሲሰጥ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር፣ ሮያል በርክዴል ላይ፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ቡድኖች የሚገጥሙበት የራይደር ካፕ የመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደረሰ። ጃክ ኒክላውስ ለአሜሪካ፣ ቶኒ ጃክሊን ለብሪታንያ፣ ነጥቡ እኩል። ኒክላውስ የራሱን አስገባ። ጃክሊን ሁለት ሦስት ጫማ ቀርታዋለች፤ ከሳታት ቡድኑ ይሸነፋል፣ ያውም በገዛ ሕዝቡ ፊት። ኒክላውስ ጎንበስ አለና የጃክሊን ኳስ የነበረችበትን ምልክት አነሳለት፣ ሰጠሁህ ማለቱ ነው። 16 ለ16፣ በራይደር ካፕ ታሪክ የመጀመሪያው አቻ። የአሜሪካኖቹ አለቃ ሳም ስኒድ በነገሩ ደስ አላለውም፣ እውነቱን ነው፣ ሊያሸንፉ ይችሉ ነበር። እኔ ግን ጊሚ የምለው እሱን ነው። ሰውየው ሲሰጥ ከእጁ የሚወጣ ነገር ነበረው። ይሄ የኛ ማሽን ምን ጎድሎበት ነው የሚሰጠው?

ሳይሰጡህ ማንሳትም አለ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ የአሜሪካና የአውሮፓ ሴቶች በሚገጥሙበት በሶልሃይም ካፕ አሜሪካዊቷ አሊሰን ሊ 18 ኢንች ያህል የቀረቻትን ኳስ የተሰጠቻት መስሏት አነሳች። የአውሮፓዋ ተጫዋች ሱዛን ፔተርሰን «አልሰጠንም» አለች፣ ቀዳዳውም ለአውሮፓ ሆነ። አሜሪካኖቹ በንዴት ከኋላ ተነስተው በዚያው ቀን ዋንጫውን 14 ተኩል ለ13 ተኩል ወሰዱት፣ ፔተርሰንም በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀች። ሕጉ ግን ከእሷ ጋር ነበር። አራተኛዋ ተጫዋቻችን፣ ነርስ ናት፣ «እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር፣ ይቅርታም አልጠይቅም» ትላለች። ከእሷ ጋር ስትጫወቱ አፍ አውጥታ እስክትናገር ጠብቁ።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ሁለት ወገን ቀዳዳ በቀዳዳ በሚሸናነፉበት ግጥሚያ ነው። ምት ተደምሮ በሚሸነፍበት ውድድር ላይ ሰጪም ተቀባይም የለም፣ እያንዳንዷ ኳስ ትገባለች። ሄል ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ1983፣ እዚያው ሮያል በርክዴል ላይ፣ ሁለት ኢንች የቀረችውን ኳስ በንቀት ነካ ሊያደርጋት ሲል ሳታት። ብሪቲሽ ኦፕንን በአንድ ምት ልዩነት ለቶም ዋትሰን ለቀቀ። እኔ ደግሞ ባለፈው ሰመር አንድ ትንሽ ውድድር ላይ የአንድ ጫማ ተኩሏን ኳስ በቅዳሜ ልማዴ አንስቼ፣ እየተጫወትኩ እያወራሁ ሄጄ ከሚቀጥለው ቀዳዳ መነሻ፣ ከቲው፣ መታሁ። ከውድድር ውጭ። ቲው ላይ ከመምታቴ በፊት ተመልሼ፣ ኳሷን ቦታዋ አኑሬ፣ የአንድ ምት ቅጣቴን ተቀብዬ አስገብቻት ቢሆን ኖሮ እተርፍ ነበር። እንግዲህ 8 ጫማ የሚሰጥ ማሽን ላይ ክረምቱን ሙሉ የለመደ ሰው ኤፕሪል ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሁለተኛው ቀን «ጊሚውን አጥፉልን» አልን። ልጁ ሳያንገራግር አጠፋው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ችግሩ ካሜራው ለስለስ ያለ ምት አያይም። ሁለት ጫማ ላይ ቀስ አድርገህ ትነካታለህ፣ ኳሷ ምንጣፉ ላይ ትንከባለላለች፣ ሸራው ላይ ግን ንቅንቅ የለም። አንዷን አራቴ መታኋት። ሦስተኛው ቀን 2 ጫማ ላይ አስደረግነው። ከዚያ በላይ ያለውን እርስ በርስ በአፋችን እንሰጣጣለን፤ ታብሌቱ ላይ ኳሷን እንዳነሳህ የሚቆጥር ቁልፍ አለ። ጨዋታው ነፍስ የዘራው ያኔ ነው።

ያኔ ደግሞ የጋሼ ጣጣ መጣ። ሦስት ጫማ የቀረቻቸውን የሰባ ዓመት ሰው «ይምቷት» የሚል ሐበሻ ከየት ይመጣል? «ጋሼ፣ ያንሷት» እንላለን። «አይሆንም፣ ልምታት» ይላሉ። «በሞቴ ያንሷት!» የጎልፍ ሕግ አንዴ የተሰጠህን አልቀበልም ማለት አትችልም ይላል፣ የሰጠህም መልሶ መንጠቅ አይችልም። እኛ ጋ ደግሞ ሁለቴ እምቢ ሳይሉ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ የጋሼ ጊሚ እንደ ጉርሻ ናት፣ ታግለን ነው የምናጎርሳቸው፣ ሰዓቱ ደግሞ እየቆጠረ ነው።

እሳቸው ግን የዋህ እንዳይመስሏችሁ። እስከ ዘጠነኛው ቀዳዳ ድረስ አራት ጫማውንም «ተዋት ልጄ፣ ገብታለች» እያሉ ይሰጡሃል። አንተም ደስ ይልሃል፣ አንድም አጭር ፓት ሳትመታ ትቆያለህ፣ እጅህ ይደነዝዛል። ከ15ኛው በኋላ ጋሼ ዝም ይላሉ። ባለፈው ማክሰኞ የተሸነፈ ክትፎ ሊጋብዝ ተወራርደን እኔና እሳቸው እኩል ሆነን 18ኛው ላይ ደረስን። እሳቸው ጨርሰዋል። እኔ ሁለት ጫማ ተኩል ቀርታኛለች፣ ከገባች አቻ ነን።

«ጋሼ?» አልኩ።

ጀርባቸውን ሰጥተው ከቴርሞሱ ቡና እየቀዱ ነበር። «አቤት ልጄ?»

«ኧረ ምንም።»

መታኋት፣ ሳትኳት። ካሜራው አላነበበልኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አንብቧል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። አንድ ተኩሉን የቀነስኩት ለቡናውና ሳይጠይቁን ለሞሉብን 8 ጫማ ነው፤ ቢያንስ ሲያስገቡን «ስንት ይሁንላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት። ሦስት ሰዓት ያዙ፣ ለአራት ሰው ከዚያ ያነሰ አይበቃም። ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ ነው። 4ኛውን ክፍል ጠይቁ፣ የ2ኛው ካሜራ ፓት ላይ ከሁሉም የባሰ ነው።